ለእርቅ ብር ከመስጠታችሁ በፊት፦ ከሀዋሳ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ዓመት አንድ ነጋዴ ወዳጄ ሐይቁ ዳር ቡና ጋበዘኝና ፖስታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። 50,000 ብር ነው። «ያ ሁሉ ሰው ከቤቱ ሲወጣ እኔ ሱቄን እየከፈትኩ እየዘጋሁ ነበር። አሁን ለእርቅ የሚሆን ነገር ልሥራ። ምን ልግዛበት?» አለኝ። «ለጊዜው ምንም አትግዛ» አልኩት። ቅር አለው። ደግ አስቦ የመጣን ሰው እጅ መመለስ ለኔም ቀላል አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ለእሱና እሱን ለመሰሉ ሰዎች ነው። ግጭት ባለፈበት ቦታ ሰላምን በገንዘባቸው ማገዝ ለሚፈልጉ ነጋዴዎች፣ ለዕድሮች፣ ውጭ ሆነው ብር ለሚያዋጡ ወገኖች። ሀዋሳ ራሷ በ2010 ሰኔ እና በ2011 ሐምሌ የተነሣውን ግጭት አይታለች። ከዚህ ወደ ደቡብ፣ በዲላ መንገድ፣ በ2010 ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቅሏል። በሰሜኑ ጦርነት ስንቱ እንዳለቀ ገና በቅጡ አልተቆጠረም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ፊርማ ጥይት ያስቆማል። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ዳግም እሳት እንዲጫጫር ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ያ ሥራ ረጅም ነው፤ አብዛኛውም ካሜራ የማይደርስበት ነው።

እኔና ጓደኞቼ ከሀዋሳ ሆነን መዋጮ ይዘን የእርቅ መቀመጫዎችን እናግዛለን። ከጥቂት ዓመት ሥራ የተማርኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልንገራችሁ። በእርቅ ሥራ የገንዘብ ትልቁ ጥቅም ሰዎች ደጋግመው እንዲገናኙ ማስቻሉ ነው። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

1. መጀመሪያ ስሙ

የሲዳማ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ «አፊኒ?» ይላሉ። «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ነገሩ በሁሉም ጆሮ ሳይገባና ሁሉም ሳይናገርበት አይቆረጥም። ለጋሽም ከዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው። የእኛ ልማድ ሦስት ወር ነው። በእነዚያ ሦስት ወራት ከመዋጮው አምስት ሳንቲም አይወጣም። ትራንስፖርትና ቡና ከራሳችን ኪስ ነው።

ማንን ነው የምትሰሙት? ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቀበሌ ሊቀመንበሩና ወደ ታወቁት ሽማግሌዎች ነው። እነሱንም አነጋግሩ፤ ሳያውቁ መግባት ነውርም ነው፣ አደጋም አለው። ግን እዚያ አትቁሙ። ጉሊት የምትቸረችር ሴት የትኛው ደንበኛ መምጣት እንዳቆመ ታውቃለች። ባጃጅ ነጂ ከጨለመ በኋላ የትኛው ሰፈር እንደማይገባ ያውቃል። የትምህርት ቤት ዘበኛ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ማን ከማን ጋር እንደማይጫወት ያያል። የዕድር ዳኛ ደግሞ ለቅሶ ላይ ማን እንደቀረ በስም ይነግራችኋል።

ጥያቄያችሁ ትንሽና የሚጨበጥ ይሁን። «ስለ ሰላም ምን ታስባላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሬዲዮ ላይ የሰሙትን ይመልሱላችኋል። «ድሮ ከማን ጋር ቡና ትጠጡ ነበር? አሁንስ?» በሉ። «ወፍጮ ቤት የምትሄዱት በየትኛው መንገድ ነው? ለምን ዞራችሁ ትሄዳላችሁ?» በሉ። መልሱን ቤት ገብታችሁ ጻፉ። ሰው ፊት ደብተር ስታወጡ ጨዋታው ምርመራ ይመስላል።

በዚህ በኩል ሁልጊዜ የማነሳው ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ከድንበራችን ማዶ፣ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ፣ ዋጅር የምትባል አውራጃ አለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጎሳ ከጎሳ ጋር ሲፋጅ ጥቂት ሴቶች ተሰባሰቡ። አንዷ ደቃ ኢብራሂም አብዲ የምትባል መምህርት ናት። የጀመሩት ከገበያ ነው። የየትኛውም ጎሳ ሴት ያለ ፍርሃት መሸጥና መግዛት መቻሏን ለማረጋገጥ ተራ ገብተው ገበያውን ይጠብቁ ነበር። ገበያው ሲረጋጋ ሽማግሌዎቹን፣ ከዚያ ወጣቶቹን፣ ከዚያ የመንግሥት ሰዎችን እየጨመሩ ሄዱ። በ1993 እ.ኤ.አ. የጎሳ ሽማግሌዎች የጋራ የሰላም ቃል ፈረሙ። እነዚያ ሴቶች ሲነሱ ትልቅ ገንዘብ አልነበራቸውም። ገበያውን ግን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁት ነበር። በሦስቱ ወራት የምትፈልጉት እንዲህ ያለ እውቀት ነው።

2. ምን እንደተሰበረ ለዩ

ደብተራችሁን በሦስት ክፈሉት። ደም፣ ንብረት፣ ቃል። ደም ማለት ሰው ሞቷል ወይም አካሉ ጎድሏል። ንብረት ማለት ቤት ተቃጥሏል፣ ከብት ተነድቷል፣ የቡና ማሳ በሌላ እጅ ገብቷል። ቃል ማለት ስድቡ፣ ሐሜቱ፣ ፌስቡክ ላይ የተጻፈው ነው። ሦስቱ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

ደም ያለበት ቦታ ላይ ለጋሽ በጣም ይጠንቀቅ። ጉጂና ጌዴኦ ጎንዶሮ አላቸው፤ ኦሮሞ በብዙ ቦታ ጉማ አለው። ሁለቱም የደም እርቅ ሥርዓቶች ናቸው። ሥርዓቱን የሚያውቁና የሚመሩ ሰዎች አሉ። የእናንተ ድርሻ እነዚያ ሰዎች የሚቀመጡበትን ሁኔታ ማመቻቸት ብቻ ነው። አንድ ነገር በፍጹም አታድርጉ፤ ካሳውን እናንተ አትክፈሉ። ይህን ስል የሚገርማቸው ሰዎች አሉ። «ድሃ ናቸው፣ እኛ ብንከፍልላቸው ምናለ?» ይላሉ። ካሳ ከዘመድ አዝማድ ሲዋጣ እያንዳንዱ አጎትና የአጎት ልጅ ከኪሱ ያወጣል። ያወጣ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የራሱን ልጅ «ተው!» ይላል። እኛ ከሀዋሳ ሄደን ከከፈልነው ያ ተግሣጽ ይቀራል። ተበዳዩም የበዳዩን ወገን እጅ ሳያይ ይቀራል።

በሌላ በኩል ግድያና መደፈር የፍርድ ቤት ጉዳዮች ናቸው። ማንንም ክሱን እንዲተው በገንዘብ አታግባቡ። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ሚያዝያ 2016 ላይ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። አገራዊ ምክክር ኮሚሽንም በአዋጅ 1265/2014 ተቋቁሟል። የእናንተ ትንሽ ፈንድ እነዚህን አይተካም፤ ለሰዎቹም እንደሚተካ አድርጋችሁ አትንገሯቸው። «ከታረቃችሁ በኋላ መክሰስ አትችሉም» የሚል ነገር ከአፋችሁ እንዳይወጣ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ደቡብ አፍሪካ ይህን በደንብ አይታለች። በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የተመራው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጎጂዎችን ቃል በአደባባይ ሰማ። ካሳ እንዲከፈላቸውም ሐሳብ አቀረበ። መንግሥት ለእያንዳንዱ እውቅና ላገኘ ተጎጂ 30,000 ራንድ አንድ ጊዜ ለመክፈል የወሰነው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙዎቹ ከጠበቁት በጣም ያነሰ ሆኖባቸው አዘኑ። ሰውን አስለቅሶ ቃሉን ከወሰዱ በኋላ ማስጠበቅ ራሱ በደል ነው። የማትፈጽሙትን አትናገሩ።

3. ገንዘቡ የሚቀመጥበት ሕጋዊ ቤት

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፤ ግን ሳትጨርሱት አትለፉ።

ሁለት መንገድ አላችሁ። አንዱ ባለው ዕድር ወይም የሰፈር ማኅበር ሥር መሥራት ነው። ዕድርና ዕቁብ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ሥር አይወድቁም፤ ስለዚህ ለጎረቤታማቾች ትንሽ መዋጮ ይህ ይበቃል። ሁለተኛው በዚሁ አዋጅ መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ተመዝግቦ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘት ነው። ከውጭ አገር ብር የሚመጣ ከሆነ፣ ሠራተኛ ልትቀጥሩ ከሆነ፣ ወይም ከአንድ ክልል በላይ ልትሠሩ ከሆነ ሁለተኛውን ያዙ።

በነገራችን ላይ ይህ አዋጅ ቀላል ነገር አይደለም። የቀድሞው አዋጅ 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በዴሞክራሲና በግጭት አፈታት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ለአሥር ዓመት ያህል በዚህ ዘርፍ ያሉ ብዙ ድርጅቶች ተዘጉ ወይም ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ። ልምድ ያላቸው ሰዎች ተበተኑ። ግጭቱ ሲመጣ ባዶ እጃችንን ያገኘን አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። አዲሱ አዋጅ ያን ገደብ አንስቷል። የአስተዳደር ወጪ ግን ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ስትመዘገቡ የወጣ ማሻሻያ ካለ ባለሥልጣኑን ራሱን ጠይቁ።

የባንክ ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ። ሦስቱ ከአንድ ብሔር፣ ከአንድ ቤተ እምነት ወይም ከአንድ ቤተሰብ አይሁኑ። የፓርቲ ሥልጣን ያለው ሰው ፈራሚ አይሁን። ሰውየው መልካም ሊሆን ይችላል። ፊርማው ግን የሌላውን ወገን ጥርጣሬ ይጠራል።

4. ብሩን የሚያካፍል ማን ነው?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ዴሞክራሲ የሚባለው ነገር ለኔ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚጀምረው።

ለጋሾች ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይወስናሉ። «እዚያ መንደር ወፍጮ እንትከል፣ እዚህ ስብሰባ እናድርግ»። ሰዎቹ ያመሰግናሉ፤ ወፍጮው ሲበላሽ ግን «የእነ እገሌ ወፍጮ ተበላሸ» ነው የሚሉት። ከዚህ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት የሰሜን አየርላንድ ልምድ ነው። እዚያ ከ25 ዓመት ገደማ ግጭት በኋላ፣ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት የሰላም ገንዘብ ሲያመጣ አንዱ ክፍል በየወረዳው ለተቋቋሙ የጋራ ኮሚቴዎች ተሰጠ። በኮሚቴዎቹ ላይ የተመረጡ የምክር ቤት አባላት አንድ ሦስተኛ፣ የማኅበረሰብ ድርጅቶች አንድ ሦስተኛ፣ ነጋዴው፣ የሠራተኛ ማኅበሩና የመንግሥት ተቋማት ደግሞ ቀሪውን ያዙ። አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የማይፈልጉ ፖለቲከኞች «የኛ መንደር መንገድ ይቅደም፣ የእናንተ ቀጥሎ» እያሉ መከራከር ጀመሩ። ስለ ታሪክ ሲከራከሩ የማይግባቡ ሰዎች ስለ በጀት ሲከራከሩ ቢያንስ ቋንቋ አገኙ።

እኛም በልካችን ይህን አደረግን። ከሁለቱም ወገን አራት አራት ሰው፣ ከአራቱ ሁለቱ ሴቶች፣ አንዱ ከ30 ዓመት በታች። ከለጋሾች አንድ ሰው ብቻ ይቀመጣል፤ ድምፅ ግን የለውም። ይህ ለለጋሽ የሚከብድ ነገር ነው፤ ነጋዴው ወዳጄም መጀመሪያ አልተዋጠለትም ነበር። ከስምንቱ ስድስቱ ካልተስማሙ ብር አይወጣም። አራት ለአራት ቆመው ሁለት ወር ሙሉ ምንም ያልወጣበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ቸኩለን ብንገላግላቸው ኖሮ ቀጥሎ የመጣውን ስምምነት አናይም ነበር።

5. የአበል ነገር

እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። ብዙ የእርቅ ሥራ የሚበላሸው አበል ላይ ነው።

የመጀመሪያ ስብሰባችንን ያደረግነው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ባነር አሠራን። ለ40 ሰው የታሸገ ውሃ፣ የሻይ እረፍት ከነሳምቡሳው፣ ምሳ፣ ውሎ አበል። ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ጠዋት ንግግር ተደረገ። ከሰዓት በኋላ የአበል መፈረሚያው ወረቀት ሲዞር አዳራሹ ተነቃነቀ። ከፈረሙ በኋላ የቀሩት 11 ሰዎች ናቸው። የከፋው በማግሥቱ የሰማነው ነው። ሰፈር ውስጥ «ምን ተባላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ሁሉም «ስንት ደረሳችሁ?» ነው የሚለው። ያልተጠሩት ሽማግሌዎች አኮረፉ። ልናስታርቅ ሄደን አዲስ ቅያሜ ፈጥረን ተመለስን። ጥፋቱ የኛ ነበር፤ ሰዎቹን አልወቅስም። ኑሮው ከባድ ነው፤ እኛም የጠራናቸው በአበል ቋንቋ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣን። የምንከፍለው ሦስት ነገር ነው። የትራንስፖርት ወጪ፣ በታሪፉ። ምግብና ቡና፣ ከሁለቱም ወገን ያሉ ሴቶች አብረው የሚሠሩት፤ እኛ ግብዓቱንና የድካማቸውን እንከፍላለን። ሦስተኛው ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሰው የቀረበት የቀን ገቢ ነው። ጉሊቷን ዘግታ የመጣች ሴት ልጆቿ ጾማቸውን ማደር የለባቸውም። ይህ መጠን አስቀድሞ በአደባባይ ይነገራል፤ ለሁሉም እኩል ነው። ደመወዝተኛ አይወስድም። ባነር፣ ቲሸርት፣ የክብር እንግዳ፣ የመክፈቻ ንግግር፦ የለም።

ለምሳሌ በወዳጄ 50,000 ብር ላይ ስንነጋገር ኮሚቴው ያወጣው በጀት 20 ሰው ሦስት ጊዜ የሚያገናኝ ነበር። ለትራንስፖርት 16,000፣ ለምግብና ቡና 12,000፣ ለቀን ገቢ 8,000፣ ለአስተርጓሚና ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊ 6,000፣ ከስብሰባው በኋላ ቤት ለቤት ለሚደረግ ጉብኝት 8,000። የመጨረሻዋን 8,000 ማንም እንዳይነካት አስምረንባታል። ብር ሲያጥር መጀመሪያ የምትቆረጠው እሷ ናት፤ ከሁሉ የምታስፈልገውም እሷ ናት። ለምን እንደሆነ ቁጥር 7 ላይ እመለስበታለሁ።

አስተርጓሚው ላይ አትሰስቱ። ሲዳምኛ፣ ጌዴኦኛ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ ተናጋሪውን ሁሉ «አማርኛ ይችላሉ» ብሎ ማለፍ ልማድ ሆኗል። አዎ፣ ገበያ ላይ ይችላሉ። የሞተ ልጅን ነገር ግን ሰው የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው።

መስከረም 2011 አርባ ምንጭ ላይ የጋሞ አባቶች ያደረጉትን ታስታውሱ ይሆናል። የቡራዩን ጥቃት ሰምተው በቁጣ የወጡ ወጣቶች ፊት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ቆሙ። ለዚያ ቀን በጀት ያጸደቀ የለም። የለጋሽ ብር እንዲህ ያለውን ክብር አይሠራም። ሊያረክሰው ግን ይችላል፤ ለዚህ ነው በአበል ነገር የምጨቀጭቀው።

6. የመቀመጫው ዕለት

ቦታው የሁለቱም ወገን እግር የለመደው ይሁን። ዛፍ ሥር፣ የቡና ማጠቢያ ግቢ፣ የትምህርት ቤት ጓሮ። መጥራትም መምራትም የሽማግሌዎቹ ነው። ለጋሽ ከኋላ ይቀመጥ፤ ባይመጣ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

አንድ ዕለት ላሳያችሁ። በዲላ መንገድ ላይ ካለ መንደር፣ ዋርካ ሥር። አንዲት ወደ 60 ዓመት የሚጠጋቸው እናት መጡና ለሰዉ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። አቦሉ ሲቀዳ ሲኒያቸውን ገልብጠው አስቀመጡ። ማንም ምንም አላላቸውም። ቶናው ላይ ከወዲያ ወገን አንድ ጎልማሳ ተነሣና «ላምሽን ሲነዷት አይቻለሁ። ማን እንደነዳትም አውቃለሁ» አለ። እናቲቱ ዞር ሳይሉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ጥጃዋስ?» ረጅም ዝምታ ሆነ። ከኛ ጋር የመጣ ልጅ ሊያጽናና አፉን ሲከፍት ጉልበቱን ያዝኩት። ሰውየው መሬት መሬት እያየ «ጥጃዋ ሞተች» አለ። በረካው ሲመጣ እናቲቱ ሲኒያቸውን ቀና አደረጉት። ተቀዳላቸው። አልጠጡትም፤ ግን በእጃቸው ይዘውት ቆዩ።

የዚያ ዕለት ውጤት ይኸው ነው። ሪፖርት ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? እኛ የጻፍነው እንዳለ ነው፤ ሲኒው ቀና አለ ብለን።

ፎቶ አታንሱ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ያለቀሰ ሰው ፊት ቴሌግራም ላይ ሲዞር ከመንደሩ ውጭ ያለ ቂመኛ ያየዋል። ስማችሁም ካልታወቀ አትዘኑ። ቻክ ፊኒ የሚባለው አሜሪካዊ ባለጸጋ 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሰጥቶ ጨርሷል። በሰሜን አየርላንድም በደቡብ አፍሪካም ለእርቅና ለመብት ሥራ ገንዘቡ ገብቷል። ለዓመታት ግን ሰጪው እሱ መሆኑ አይታወቅም ነበር፤ ስሙ የተለጠፈበት ሕንፃም አላስቀረም። ድርጅቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ሥራውን ጨርሶ በሩን ዘጋ።

7. ሰዉ ሲበተን ሥራው ይጀምራል

ሴራሊዮን ከ1991 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በጦርነት ታመሰች። ከዚያ ፋምቡል ቶክ የሚባል ሥራ ተጀመረ፤ በክሪዮ ቋንቋ የቤተሰብ ወግ ማለት ነው። መንደርተኛው እሳት አንድዶ ይሰበሰባል፣ ተበዳይ ይናገራል፣ በዳይ ይቅርታ ይጠይቃል። ተመራማሪዎች በ200 መንደሮች ውጤቱን ለኩና በ2016 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጡት። ሥርዓቱ በተደረገባቸው መንደሮች ሰዎች ይበልጥ ይቅር ተባብለዋል፤ ለጋራ ሥራ የሚያዋጡትም ጨምሯል። በሌላ በኩል ግን ድብርቱ፣ ጭንቀቱና የጦርነቱ ሕመም በሰዎቹ ላይ ብሶ ተገኘ፤ ሦስት ዓመት እስኪጠጋም ዘለቀ። ቁስል ተከፍቶ ነበር። መንደሩ ዳነ፤ የተናገረው ሰው ግን ማታ ቤቱ ገብቶ ብቻውን አደረ።

ይህን ሳነብ ያ የመጀመሪያ ዓመታችን ትዝ አለኝ። ስንት ሰው አስለቅሰን ሚኒባስ ተሳፍረን ተመለስን።

አሁን የምናደርገው ይህን ነው። ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ከመናገሩ በፊት አብሮት ቤት የሚገባ አንድ የቅርብ ሰው ይመርጣል፤ ያም ሰው በበጀቱ ውስጥ አለ። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሰው ይጎበኘዋል። ከወር በኋላ እንደገና። ጎብኚዋ ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ የመጣችበትንም ጉዳይ ቶሎ አትናገርም። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ «ብሞት ይሻለኛል» ያለ ሰው ካለ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር እንነጋገራለን። ከበድ ካለ ወደ ሀዋሳ እናመጣለን፤ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ያ 8,000 ብር ለዚህ ነው። መናገር የማይፈልግን ሰው ደግሞ አትገፋፉ። ዝምታም መብቱ ነው።

8. የጋራ ነገር ይሥሩ፣ ሂሳቡም ጮክ ተብሎ ይነበብ

ከሁለትና ሦስት መቀመጥ በኋላ ሰዎች ራሳቸው «እስቲ አንድ ነገር እንሥራ» ይላሉ። ያኔ ነው የግንባታ ብር የሚወጣው። ሁለቱም ወገን የሚፈልገው፣ አንዱ ያለ ሌላው ሊጠቀምበት የማይችል ነገር ይሁን። የውሃ ቦኖ፣ የእግረኛ ድልድይ፣ ወፍጮ። ለየወገኑ አንድ አንድ መሥራት ቀላል ይመስላል። ግን መገናኛውን ምክንያት ያጠፋዋል።

ከዚያ የሚያስተዳድረውን ኮሚቴ በምርጫ ያውጡ፤ እጅ በማውጣት አይሁን። እጅ ሲወጣ ሁሉም ጎረቤቱን ያያል። እኛ ዘንድ እጩዎቹ በየስማቸው እንስራ ይቀመጥላቸዋል፤ መራጩ አንዳንድ ፍሬ ባቄላ ይይዝና ከመጋረጃ ጀርባ ገብቶ ይጥላል። ማንበብ የማይችልም ይመርጣል። ፍሬው ሰው ፊት ይቆጠራል። የሥራ ዘመኑ አንድ ዓመት ነው። እኔን ደስ የሚለኝ የአሸናፊው ፊት አይደለም፤ የተሸነፈው ሰው በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ መጥቶ ሲቀመጥ ነው።

በወር አንድ ጊዜ ገንዘብ ያዟ ሂሳቡን ታነባለች። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ደረሰኞቹ በእጅ በእጅ ይዞራሉ። ይህን የለመደ ሰው ወረዳው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን በጀት ቆም ብሎ ማንበብ ይጀምራል። «የኛ መንገድ የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ መንደር ውስጥ ይህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ጠያቂዋ የቦኖው ገንዘብ ያዥ ነበረች።

በምርጫ ሰሞን ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ለፓርቲ ወይም ለእጩ ምንም ነገር አትስጡ፤ አዳራሽም ቢሆን። የመራጮች ትምህርት መስጠት ከፈለጋችሁ ከብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ፈቃድ ያስፈልጋል። በዚያ ሰሞን የእርቅ ስብሰባ ከመጥራት ማዘግየት ይሻላል። ማን እንደጠራው ሁሉም የራሱን ትርጉም ይሰጣል።

9. ምን ትቆጥራላችሁ?

የተሳታፊ ብዛት አትቁጠሩ። ከሦስቱ የመስሚያ ወራት ደብተር ላይ ተነሡ። ዞረው ይሄዱ የነበሩ ሰዎች በአቋራጩ መሄድ ጀመሩ? የማክሰኞ ገበያ ላይ ከወዲያ ሰፈር ስንት ሻጭ መጣ? ለቅሶ ላይ ማን ድንኳን ገባ? ልጆቹ ኳስ ሲከፋፈሉ እንዴት ተከፋፈሉ? በየሦስት ወሩ ያንኑ ጥያቄ ለዚያው ሰው ጠይቁ። መልሱ ወደ ኋላ የሄደበት ጊዜም አለ። አንድ ወሬ መጣና የስድስት ወር ሥራ በሁለት ቀን ሲንድ አይተናል። ያኔ ለጋሾቻችሁን ሰብስባችሁ የሆነውን ንገሯቸው። አንዳንዶቹ ይተዋችኋል። የቀሩት የምር ናቸው።

የምትወጡበትንም ጊዜ ከመጀመሪያው ተናገሩ። እኛ ለአንድ መንደር ሦስት ዓመት እንላለን፤ በየዓመቱ የኛ ድርሻ ይቀንሳል፣ የእነሱ መዋጮ ይጨምራል።

ነጋዴው ወዳጄ ፖስታውን ካስረከበን ከአራት ወር በኋላ ነው የመጀመሪያው ብር የወጣው። ሁለት ጊዜ ተቀምጠዋል። እሱ ሁለተኛው ላይ መጥቶ ነበር፤ ከኋላ፣ ከባጃጅ ነጂዎቹ ጋር ተቀምጦ ቆሎ ሲቆረጥም ዋለ። ማን እንደሆነ የጠየቀው አልነበረም። ፖስታው ውስጥ የሦስተኛው ጉዞ ትራንስፖርትና ከያቺ 8,000 ብር የቀረው አለ። ያቺ ሲኒ የገለበጡት እናት በዚህኛው ላይ ቡናውን እሳቸው እንደሚያፈሉ ልከውብናል። ጉዞው ከጥምቀት በኋላ ነው።